ውሃ የሚያረቡት እትዬ ከድጃ

የእትዬ ከድጃን ማረፍ የሰማሁት የተማሪ ፈተና እያረምሁ ሳለ ነው። የደወለልኝ ደብረ ታቦር አብረን እናስተምር የነበረ ጓደኛዬ ነበር። ሰላምታውን ሲያሳጥርብኝ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«አከራይህ የነበሩት፣ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ከድጃ፣ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ የመጣብኝ ግን ሳቅ ነው። ዓይኔ ላይ የመጡት እትዬ ከድጃ በጭነት መኪና ላይ ጭድ መሐል ተቀምጠው፣ ትልቅ የመስታወት ሣጥን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ የወረታን መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጡ ነበር። ነፋሱ ሻሻቸውን ሊወስደው ይታገላል፤ እሳቸው ግን ሻሹን ትተው መስታወቱን ይዘዋል።

ደብረ ታቦር በመምህርነት ስመደብ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ረዥም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጨርቅ ስለለኩ ክንዳቸው ሥራ አይፈታም። ስለ ቤት ቢያወሩ፣ ስለ መንገድ ቢያወሩ፣ ስለ ሰው ቁመት ቢያወሩ፣ እጃቸውን ከትከሻ እስከ ጣት ዘርግተው ይለኩታል። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ማለቴ ነው። አንድ ነገር አይሆንም ያላቸው ሰው ካለ መልሳቸው የታወቀ ነበር፦ «ይሆናል። እምቢ ካለ እናስሆነዋለን።»

ሱቁ የሳቸው ነው፤ በረንዳው ደግሞ የባላቸው የጋሽ ይማም። እሳቸው ውስጥ ጨርቁን ቆርጠው ይሸጣሉ፤ ጋሽ ይማም በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፉታል። ጋሽ ይማም ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው ካለቀ በኋላም ጨዋታቸውን ሊሰማ ይቀመጥ ነበር። እትዬ ከድጃ ከውስጥ ሆነው «ይማም፣ ሰውየው ቤት የለውም እንዴ?» ይላሉ፤ በረንዳው ይስቃል።

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ይማም እየሰፉ ሳለ ቀኝ እጃቸው ከጨርቁ ላይ ወደቀ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ አፋቸው ተጣመመ። ከዚያ ቀን በኋላ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ጠፋ። ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አተረፉ። እጅና እግራቸውም በልምምድ ሊመለስ ይችላል ብለው ነበር፤ ግን በሽተኛው ራሱ መፈለግ አለበት አሉ። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ጋሽ ይማም ምንም አይፈልጉም። ጠዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ማታም እዚያው ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው በየአገሩ ተበትነዋል፤ እየመጡ አይተው፣ አልቅሰው ይመለሳሉ። ያ ሁሉ ሰው ይሰበሰብበት የነበረ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እንኳ ማየት ተወ።

ለክትትል ባሕር ዳር ስንወስዳቸው እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ደግፎ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ሐኪሙ ጋ ጨርሰን ሻይ ልንጠጣ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ገባን። የእንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ አንድ ያረጀ አኳሪየም ነበር። መስታወቱ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ ውስጡ ጥቂት ቀያይ ዓሦች ይዋኛሉ። ጋሽ ይማምን በአጋጣሚ ፊት ለፊቱ አስቀመጥናቸው። ሻያችንን እያማሰልን ሳለ እትዬ ከድጃ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

«እየው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አንዱ ዓሣ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ የጋሽ ይማም ዓይን አብሮት ሄደ። ዓሣው ሲመለስ ዓይናቸውም ተመለሰ። ቀጥሎ ዓሣው ከድንጋዩ ጀርባ ገባ። ጋሽ ይማም አንገታቸውን አዘንብለው ፈለጉት። በሽታው ከያዛቸው ጀምሮ አንድ ነገር ሲፈልጉ ያየናቸው ያኔ ነው።

እትዬ ከድጃ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ።

«ይኼ ይሸጣል?»

ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ሳቀ። «ዓሣው ነው ማዘር?»

«ሁሉም። ከነውሃው።»

ዕድል ሆኖ ሆቴሉ እድሳት ሊጀምር አሮጌ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ ጭነት መኪና ይዘን ስንመለስ አኳሪየሙ ውሃው ተደፍቶ፣ ደርቆ፣ ጓሮ ከአሮጌ ወንበር ጋር ተደርድሮ አገኘነው። ዓሦቹ ባልዲ ውስጥ ናቸው። እትዬ ከድጃ ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱትና «ውሃ ሙሉልኝ» አሉ።

«ለምን? ሲሠራ አይተውት የለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልጄ፣ እኔ ጨርቅ ስሸጥ ዘርግቼ ነው የማሳይ። አንተም ዘርግተህ አሳየኝ።»

ሳይወድ አስሞላው። ጥቂት እንደቆየን ታችኛው ጥግ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ አበጠችና መሬቱ ላይ ጠብ አለች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰማይ አየ። እኔ ደግሞ እንግዲህ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው ብዬ አዘንሁ። እትዬ ከድጃ ግን ደስ አላቸው።

«አየህ፣ የሚያፈስበትን አሁን አወቅነው። ሣጥኑ ሊያሞኘኝ ነበር፤ አልቻለም። ዋጋውን እንነጋገር» አሉት፤ ተነጋገሩም። ሲጨርሱ ልጁ አየር መንፊያውን ሞተር፣ ማጣሪያውንና ድንጋዮቹን ሁሉ መርቆ ሸኛቸው።

ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ ቢባሉ እሺ አላሉም። ጭዱን አስነጥፈው፣ ፍራሽ ደርበው፣ መስታወቱን አቅፈው ከላይ ተቀመጡ። ዓሦቹን በባልዲ የያዝሁት እኔ ነኝ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ሰው ምን እንደገዙ ለማየት ወጣ። አንዱ ነጋዴ ጎረቤታቸው «እትዬ ከድጃ፣ ዓሣ ከጣና ተጠብሶ ይመጣል እንጂ በነፍሱ ይመጣል እንዴ?» አላቸው።

«የኔ ለዓይን ነው» አሉት ሳይቆሙ።

በማግስቱ መስታወት ቆራጭ አስመጡ። ሰውየው ሲልከን የሚባለውን ማጣበቂያ ይዞ የሚያፈሰውን ጥግ ብቻ ሊቀባ ሲል እጁን ያዙት። «ስፌቱ አንድ ጥግ ላይ ከለቀቀ ሌላውም አርጅቷል ማለት ነው። ሁሉንም ፍታው።» ሰውየው አሮጌውን ሲልከን ዙሪያውን በምላጭ ፍቆ እንደ አዲስ ሞላው። እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው ግቢው ውስጥ ላለነው ሁሉ ተነገረን። ከዚያ በረንዳው ላይ ውሃ ሞልተው ሥሩ ጋዜጣ አነጠፉና ጠበቁ። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ አደረ።

ማስቀመጫውን አናጢ ሠራው፤ ወፍራም እግር ያለው፣ በሬ ቢቆምበት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ። ወለሉ ግን ዘመም ያለ ነበር። ውሃ ልክ ተውሰው አንዱን እግር አስቆርጠው፣ ከላዩ ስስ ፎም አንጥፈው፣ አኳሪየሙን ከጋሽ ይማም አልጋ ትይዩ፣ እሳቸው ሁልጊዜ በሚያዩት ግድግዳ በኩል አስቀመጡት። «ግድግዳውን የሚወድ ከሆነ ዓሦቹን ግድግዳው ላይ አደርግለታለሁ» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የማይወዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የጋሽ ይማም ታላቅ ወንድም ሐጂ ሰይድ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሲናገሩ ቤተሰቡ ሁሉ ጸጥ ይላል። መጥተው ከፈን የመሰለ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና አኳሪየሙን አዩት።

«ከድጃ፣ ወንድሜ የሚያስፈልገው ቁርኣን ነው እንጂ ዓሣ አይደለም» አሉ።

«ቁርኣኑ ይቀራለታል ሐጂ። ቀኑን ሙሉ ግን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ግድግዳው ምን ሠራለት? አንቱ ይንገሩኝ።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ሰው በረንዳችን ላይም ሲስቅ ነው የኖረ። ይማም እያሳቀው።»

ሐጂ ሰይድ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። በዚያው ቀን እትዬ ከድጃ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ አውጥተው በሳሙና እስኪነጣ አጠቡት። ቧንቧውን ከፍተው አኳሪየሙን ሞሉ። ሞተሩን ሰኩ፤ ውሃው አረፋ ማውጣት ጀመረ። «ቢስሚላህ» ብለው ዓሦቹን ለቀቁ። ጋሽ ይማም ያን ዕለት ማታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ ግድግዳው ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያዩት አመሹ። እትዬ ከድጃ በራፉ ላይ ቆመው ባላቸውን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን።

ሁለት ቀን አልቆየም። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ዋናው ቤት ገባሁ። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የከፋው ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ያዩት ጋሽ ይማም መሆናቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ እንባቸው ግን በጆሯቸው በኩል ይወርዳል። እትዬ ከድጃ ዓሦቹን በጭልፋ አውጥተው ጓሮ ቀበሯቸው። ያኔ ብቻ ነው ትከሻቸው ወርዶ ያየሁት። ጥቂት ጊዜ አፈሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ቆዩ።

ሐጂ ሰይድ ወሬው ደርሷቸው መጡ። አልተቆጡም፤ ይልቁንም አዘኑ። «በቃሽ እንግዲህ ከድጃ። አላህ ያልፈቀደው ነገር አይሆንም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

እትዬ ከድጃ ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ። «ሐጂ፣ የኔን ጥፋት በአላህ ላይ አልጥልም። ዓሦቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ባለማወቅ ነው። የማላውቀውን ደግሞ እጠይቃለሁ።»

ጠየቁም። ባሕር ዳር ሆቴሉ ውስጥ ዓሦቹን ይንከባከብ ለነበረው አትክልተኛ ደወሉ፤ እኔም በስልኬ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ አስረዳኋቸው። የቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው መድኃኒት ዓሣ ይገድላል፤ በርሜል ውስጥ ክፍት ሆኖ መሰንበት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ያነጡት ስፖንጅ ለካ የአኳሪየሙ ሆድ ኖሯል። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚበሉት ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የሚኖሩት እዚያ ጥቁር ውስጥ ነው። እነሱ እስኪበዙ ድረስ ውሃው ያለ ዓሣ ባዶውን መዞር አለበት፤ ያውም ሳምንታት።

እትዬ ከድጃ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ንጽሕና ሳስተምር ኖሬ ለካ የሚያስፈልገኝ ቆሻሻ ነው!» አትክልተኛው ከሌላ ሰው አኳሪየም ያገኘውን አሮጌ ስፖንጅ በፌስታል ውሃ ውስጥ አድርጎ በሚኒባስ ላከላቸው። መናኸሪያ ሄደው ሲቀበሉት ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ ነው የሰጣቸው። ወሬው ገበያው ውስጥ ዞረ፤ «ከድጃ ከባሕር ዳር ቆሻሻ አስመጣች» ተባለ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አኳሪየሙ ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። ሞተሩ ቀንና ሌሊት ይንጫጫል፤ አረፋው ይወጣል። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ዓሣ ይፈልጋል። «ምንድን ነው ያለበት?» ሲሏቸው «ውሃ» ይላሉ። «ምን ታደርጉታላችሁ?» «እናረባዋለን።» ይህን የሚሉት ፍጹም ኮስተር ብለው ነበርና ከተማው «ውሃ የሚያረቡት» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ሲሰሙ ቅር አላላቸውም። ጋሽ ይማም ግን ከጨለማቸው ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ አንድ ቀን ዓይናቸው እንደገና አረፋውን መከተል ጀምሮ አገኘናቸው።

ጊዜው ሲደርስ እኔና እሳቸው ባሕር ዳር ሄደን አዲስ ዓሦች አመጣን። የደብረ ታቦርን ብርድ የሚችሉትን፣ ቀያዮቹን ብቻ መረጥን። በዚህኛው ጊዜ ፌስታሉን ውሃው ላይ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ እስኪተካከል ታግሠው ለቀቋቸው። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ዓሦቹ ኖሩ። ምግባቸውን ጋሽ ይማም በደኅናው እጃቸው እንዲበትኑ፣ እትዬ ከድጃ ጀርባቸውን በትራስ ደግፈው ከአልጋው ጫፍ ያስቀምጧቸው ነበር። በኋላ ትራሱን አነሡት። በኋላ ምግቡን ቀኝ መዳፋቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ፤ ጣቶቹ ካልተንቀሳቀሱ ዓሦቹ አይበሉም። የሐኪሙ ልምምድ ያላሠራውን ጣት ዓሦቹ አሠሩት።

የሚያሠጋን መብራቱ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ ውሃው ይታፈናል። እትዬ ከድጃ መላ ነበራቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሱቅ እየሮጡ ይመጡና በጆግ ከአኳሪየሙ ውሃ ቀድተው፣ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፤ እንዲህ እያደረጉ አየር ያስገቡለታል። ጋሽ ይማም ተኝተው ያዩዋቸዋል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። እኔ ክፍሌ ሆኜ ደብተር አርማለሁ። ከዋናው ቤት ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። እትዬ ከድጃ መጡ ብዬ ማረሜን ቀጠልሁ። ግን አፈሳሱ የሳቸው አልመሰለኝም፤ ትንሽ ይፈስሳል፣ ረዥም ጊዜ ዝም ይላል፣ እንደገና ይፈስሳል። ወጥቼ በሩን ገፋ አደረግሁ።

ጋሽ ይማም ቆመዋል። ደረታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጆጉን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀኛቸውን ከሥሩ ደግፈው ውሃ እየቀዱ ያፈስሳሉ። ሸሚዛቸው እስከ ወገባቸው ርሷል። ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ይጠጋሉ። ልይዛቸው ስሮጥ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ተው!» አሉኝ።

ጥርት ያለ ቃል ነበር። ባለሁበት ቆምሁ።

ወዲያው እትዬ ከድጃ እያለከለኩ ደረሱ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ መቀሱንም ሳያስቀምጡ መጥተዋል። በራፉ ላይ ሲደርሱ እንደ እኔው ቆሙ። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሮጠው ያቅፏቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከፍ አድርገው እንጂ ይማም» አሉ። «ዝቅ ካለ አየር አይገባም።»

ጋሽ ይማም ጆጉን ከፍ አደረጉ። ቀኝ ክንዳቸው እየተርገፈገፈ ከደረታቸው በላይ ወጣ።

«ትንሽ ጨምር። እንዲያ! እንዲያ ነው!»

ይህን ብለው እትዬ ከድጃ ዞር ብለው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ጓሮ በርሜሉ አጠገብ ቆመው ፊታቸውን ደጋግመው ሲታጠቡ አገኘኋቸው። ስታጠብ ያየኸኝን ለማንም አታውራ እንደሚሉ ሁሉ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፤ ከዚያ ወንበር ይዘው ገቡና ከባላቸው ኋላ አስቀመጡት፤ ሲደክማቸው እንዲቀመጡበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደብረ ታቦር ያውቀዋል። ጋሽ ይማም በምርኩዝ መራመድ ቻሉ። ንግግራቸው እንደ ድሮው ባይሆንም ሰው ለማሳቅ በቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተደግፈው በረንዳቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሐጂ ሰይድ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አኳሪየሙ ፊት መቀመጥ ለመዱ። «ያ ጅራተ ረዥሙ ዛሬ ደከም ብሏል፤ ምግብ አነሰው» እያሉ እትዬ ከድጃን ሲቆጡ ሰምቻቸዋለሁ።

ጋሽ ይማም እንዲህ ሆነው ጥቂት ጥሩ ዓመታት ኖሩ። ከዚያ አንድ ቀን፣ በንጋት ሶላት ሰዓት፣ ሳይሠቃዩ፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የኀዘኑ ጊዜ ሲያልፍ አኳሪየሙ ውስጥ የቀሩት ሁለት ያረጁ ዓሦች ነበሩ፤ እነሱም ብዙ አልቆዩም። ዘመዶቹ አኳሪየሙን ለሚፈልግ ሰው እንዲሰጡት መከሯቸው። «ባየሽው ቁጥር ይብስብሻል» አሏቸው። እኔም ወደ ሌላ ከተማ ልዛወር ዕቃዬን እያሰናዳሁ ስለነበር ሳልሄድ ላግዛቸው ብዬ ነበር፤ መሸከሙ ለብቻቸው አይቻልም።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ለብሰው፣ ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«መምህር፣ ዛሬ ሥራ አለህ? ባሕር ዳር እንሂድ። ዓሣ ልገዛ ነው።»

ግር አለኝ። «ለማን ነው እትዬ ከድጃ?»

«ለኔ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ይኸውልህ፣ ያን ሁሉ ዓመት አበላኋቸው፣ ውሃ ቀየርሁላቸው፣ አየር ሰጠኋቸው። ወላሂ አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም። እኔ የማይ የነበረ እሱን ነው፣ እነሱን ሲያይ።»

ሄደን ገዛን። ከሰዓት በፊት ተመልሰን ፌስታሉን ውሃው ላይ አንሳፍፈን ጠበቅንና ለቀቅናቸው። እትዬ ከድጃ የዚያን ቀን ሱቅ አልከፈቱም። ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀመጡ፤ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሶላት ድረስም አልተነሡም።